ማውሱን ጭኔ ላይ ያሾርኩት ዕለት

እጅ ግትር ነው። ጭንቅላትስ ምስኪን ነው፤ አንድ ነገር ሲነግሩት ባይገባውም ይነቀነቃል። እጅ ግን አዲስ ዕቃ ባስያዙት ቁጥር የድሮ ሥራውን ነው የሚሠራው። አታምኑኝም? እኛ ሰፈር፣ ቢቸና፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰውዬ አሉ። ጡረታ ከወጡ ቆዩ። ዛሬም አውቶቡስ ተሳፍረው ቁልቁለት ሲመጣ ቀኝ እግራቸው ወለሉን ጥርቅም አድርጎ ይረግጣል። ሚስታቸው «አንተ ሰው፣ ሾፌሩ እኮ ከፊት ነው ያለው» ትላቸዋለች። እሳቸውማ ያውቃሉ። ያላወቀው እግራቸው ነው።

በእግር ጀመርኩ እንጂ የማወራችሁ ስለ እጅ ነው። ስለ እኔ እጅና ስለ ልጄ እጅ። ጉራ ይመስልብኛል ብዬ ልተወው ነበር። ኋላ ደግሞ ጉራስ ቢሆን አልኩ። ስንቱ ባልሠራው ሲኮራ እኔ በሠራሁት ብኮራ ማን ይቀየመኛል?

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደሉን በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ለይቻለሁ፤ ቀስ ብዬ ካነበብኩ ይገባኛል፣ ከቸኮልኩ ይደባለቅብኛል። እጄ ግን ሌላ ትምህርት አለው። ከልጅነቴ ጀምሮ ጥጥ እፈትላለሁ። የቢቸና ሸማኔዎች ከደርዘን ልቃቂት መካከል የእኔን በጣታቸው ዳሰው ያወጡታል። እንግዲህ ይኼ ዲግሪ ካልሆነ ዲግሪ ምንድን ነው?

ልጄን አትጠገብን ግን መፍተል አላስተማርኳትም። እጇ ለብዕር ነው ብዬ፣ እንዝርት አንስታ ስትጫወት እንኳ እየቀማሁ ደብተሯን እሰጣት ነበር። ተማረች፤ ሞጣ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆና ተቀጠረች። ታይፕ ስትመታ መንገደኛ ቆሞ ይሰማት ነበር። ጣቶቿ እንደ በረዶ ነው የሚወርዱት። መስመሩ ሲያልቅ ደወሉ ይጮሃል፤ ያኔ ወረቀቱን የተሸከመውን ብረት በግራ እጇ ወደ ጎን ትገፋዋለች፤ ግው ብሎ ይመለሳል፤ እንደገና በረዶው። አሥራ አምስት ዓመት እንደዚህ ኖረች። ባሏ ይሁኔም እዚያው ሞጣ መምህር ነው፤ ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ኑሯቸው መልካም ነበር።

አንድ መስከረም፣ መንገዱ ጠፈፍ ሲል፣ ቅቤ በጣሳ ይዤ ልጠይቃቸው ወደ ሞጣ ሄድኩ። በዚያ ጠጠር መንገድ አንጀቴ ተናግቶ ስደርስ አትጠገብ ሳመችኝ፣ አስቀመጠችኝ። ከዚያ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ የልብስ ሳሙና መግፋት ጀመረች። ወደ ፊት ትገፋዋለች፤ ወደ ኋላ ትስበዋለች፤ ወደ ጎን ታንሸራትተዋለች። ከዚያ በሌባ ጣቷ ሳሙናውን ጫን ጫን ታደርገዋለች። ከዚያ ትተክዛለች።

ልጄ አንድ ነገር ሆናለች ብዬ ደንግጬ ይሁኔን አየሁት። ወደ ጓዳ ጠራኝና በሹክሹክታ አስረዳኝ። መሥሪያ ቤቷ ኮምፒውተር ገብቷል፤ ታይፑ ሊቀር ነው። የኮምፒውተሩ ፊደል እንደ ታይፑ በጣት የሚመታ ስለሆነ እሱ አላስቸገራትም። ያስቸገራት አጠገቡ የሚቀመጥ፣ በእጅ የሚገፋ፣ ባለ ጭራ ዕቃ ነው። እሱን ስትገፋ በኮምፒውተሩ የሚያበራ መስኮት ላይ ቀስት ይሄዳል፤ ቀስቱ የሚፈለገው ቦታ ሲደርስ ጫን ይባላል። አትጠገብ ወደ ቀኝ ስትለው ወደ ላይ ይሄድባታል፤ ስትጫነው ይፈናጠርባታል። ሰኞ ጠዋት ፈተና አለ። ያለፈ ሞጣ ይቀራል፤ የወደቀ ኮምፒውተር ወዳልደረሰበት ገጠር ከነታይፑ ይዛወራል። «ከሄደች እኔና ልጆቹ እዚህ፣ እሷ እዚያ ነን፤ እግዜር ያውቃል ለስንት ዓመት» አለኝ ይሁኔ። ወዲያው ደግሞ ሊያስቀኝ ፈልጎ፣ ዕቃው ማውስ ይባላል፣ ትርጉሙ አይጥ ነው አለኝ። አልሳቅኩም። በስሙ የሚቀልድ ገና መያዙን ያልቻለ ሰው ነው።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ ስንመለስ አትጠገብ ልትለማመድ ወደ መሥሪያ ቤት እንደምትሄድ ነገረችን። አሠልጣኙ ከደሴ የመጣ ጀማል የሚባል ሰው ነው፤ ለፈተናው ለፈሩት ብሎ በዕረፍት ቀኑ ክፍሉን ከፍቶላቸዋል። እናቱ ትባረክ። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ተነሣሁ። አትጠገብ «እማዬ፣ መሥሪያ ቤት እኮ ነው» አለችኝ። «እኔስ ሰው አይደለሁም?» አልኳትና ቀደምኳት።

ክፍሉ በር ላይ ጫማ አውልቁ ተባልን። አቧራ ስለማይወድ ነው አሉኝ። በአንድ ቀን ሁለቴ፣ መጀመሪያ ለታቦት ቀጥሎ ለኮምፒውተር፣ ጫማ አውልቄ ገባሁ። አራት ኮምፒውተር በየጠረጴዛው ላይ የተጠለፈ ጨርቅ ለብሰው እንደ ሙሽራ ተቀምጠዋል። ጠረጴዛዎቹ አዲስ ናቸው፤ ቫርኒሹ ፊት ያሳያል። ሌሎች ሁለት ጸሐፊዎችም መጥተው ነበር።

ጀማል መስኮቱን ሲያበራው ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? ካርታ። የቁማር ካርታ፣ ቀይና ጥቁሩ፣ ተደርድሮ። በሰንበት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በመንግሥት ቤት። ጀማል ፊቴን አይቶ «እማማ፣ ጣት ለማፍታታት ነው እንጂ የሚበላ የለውም» አለኝ። ቀዩን ካርታ ተጭኖ ይዞ፣ ሳይለቁ ጎትቶ፣ ጥቁሩ ላይ ወስዶ መልቀቅ ነው ትምህርቱ። የሰኞም ፈተና የዚሁ ዘመድ ነው፤ በካርታ ፋንታ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጎተታል።

አትጠገብ ጀመረች። ወይ ልጄ። ማውሱን እንደ ታይፕ ቁልፍ ትመታዋለች፤ ቀስቱ ደንግጦ ይሸሻል። ካርታውን ትይዝና መንገድ ላይ ትለቀዋለች፤ ተመልሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዓይኗ ደግሞ እጇ ላይ እንጂ ቀስቱ ላይ አይደለም። እንደምንም አንዱን ካርታ አድርሳ ስትለቀው፣ ምን አደረገች? ግራ እጇ ብድግ ብሎ መጣና ማውሱን ወደ ጎን ግው አድርጎ ገፋው። ማውሱ ከጠረጴዛው ወርዶ በጭራው ተንጠለጠለ። ከጸሐፊዎቹ አንዷ «አትጠገብ፣ መስመር አለቀብሽ?» አለች። ሳቁ። ልጄ ግን አልሳቀችም። ጀማል አንስቶ ሰጣትና «እትዬ አትጠገብ፣ ቀስ፣ አይዞሽ» አላት። ደግማ ያዘች፤ ካርታውን አደረሰች፤ ግራ እጇ መጣ፤ ግው። አሥራ አምስት ዓመት የለመደውን ነው የሚሠራው፤ እሷ ምን ታድርግ? ሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅ ዓይኗ ውኃ ሞላ።

አላስቻለኝም። «እስቲ እኔ ልያዘው» አልኩ። ጀማል ሰው አክባሪ ነው፤ ወንበር ሳበልኝ። እንግዲህ እጅ ግትር ነው ብያችሁ የለም? ማውሱን አንሥቼ ሳልጠየቅ፣ ሳላስበው፣ ቀጥ አድርጌ ወደ ጭኔ ወሰድኩት። እንዝርት የሚሾረው የት ነው? ጭን ላይ ነው። ቀሚሴ ላይ አስቀምጬ በመዳፌ ወደ ጉልበቴ ሸረር አደረግኩት።

ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። አትጠገብ አንገቷን ደፋች። ጀማል ራሱ አፉን በእጁ ከደነ፤ ከዚያ መስኮቱን አየና እጁን ከአፉ አወረደ። ቀስቱ ይሄዳል። እንዴት እንደሚሄድ ብነግራችሁ፤ እንደ ሐር። ወደ ጉልበቴ ስለው ይወጣል፤ ወደ ሆዴ ስስበው ይወርዳል። ጀማል «እማማ፣ ካርታውን ይሞክሩት» አለኝ። ቀይ አምስትን ተጭኜ ያዝኩ፣ ሳልለቅ ሳብኩ፣ ጥቁር ስድስት ላይ አስተኛሁት። ቁማር ነው ብዬ የተቆጣሁት ሴትዮ አራት ካርታ አከታትዬ አደረስኩ። ሳቁ ቆመ። ጀማል ሲያብራራ፣ ከማውሱ ሥር ትንሽ ኳስ አለች፤ ኳሷ መሽከርከር አለባት፤ አዲሱ ጠረጴዛ ስለሚያዳልጥ ሳትሽከረከር ትንሸራተታለች። ለሥሯ የሚነጠፈው ጨርቅ ደግሞ ገና አልደረሰም። የእኔ ቀሚስ ሸካራ ስለሆነ ኳሷን ይዞ አዞራት። የሁሉም ሰው ቀስት ይፈናጠር የነበረው ለካ በጠረጴዛው ነው። ፈታይዋ እንግዲህ ይህን አገኘች።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ለእኔ እንዴት ባማረ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ በአምስተኛው ካርታ ቀስቱ ቆመ። ወደ ላይ ብለው አይሄድም፤ ወደ ጎን ብለው ይንቀጠቀጣል እንጂ አይነቃነቅም። ወዘወዝኩት፤ ምንም። ያቺው ቀልደኛ ጸሐፊ «እንግዲህ ነገ በሦስት ማውስ ልንፈተን ነው» አለች፤ አሁን ግን አልቀለደችም። አትጠገብ ቀስ ብላ «እማዬ፣ ምን አደረግሽው?» አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ልጄን ከገጠር ላድን መጥቼ፣ በፈተናው ዋዜማ የመንግሥት ዕቃ ሰበርኩ።

ጀማል ማውሱን ገለበጠው፣ ከሆዱ ክብ ክዳን ፈታ፣ ኳሷን መዳፉ ላይ ጣላት። ውስጡን እያየ «ቆሻሻ ገብቶበታል፤ ወረንጦ ያስፈልገናል» አለ። እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ። ውስጡ ምን አለ መሰላችሁ? ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች፤ ኳሷ ስትዞር የሚዞሩ። በሁለቱም ላይ የቀሚሴ ጥጥ ተጠምጥሟል። ጥብቅ ብሎ፣ ዙሪያውን ተስተካክሎ። «ልጄ፣ ይኼ ቆሻሻ አይደለም፤ ፈትል ነው» አልኩት። እኔ ሰንበት ነው ብዬ ከቢቸና ይዤው የመጣሁትን እንዝርቴን ልጄ ቤት ሰቅዬ መጥቻለሁ፤ ይኼ የመንግሥት ዕቃ ጭኔ ላይ ተቀምጦ ሆዱ ውስጥ ሲፈትል ኖሯል።

ኋላ ነገሩ ከነከነኝና ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። በሰንበት የፈተለው ማን ነው ብለው ጠየቁኝ። ዕቃው ነው አልኳቸው። «እንግዲያው ዕቃው ንስሐ ይግባ» ብለው አሰናበቱኝ።

ወረንጦ አላስፈለገም። ጀማል በእስኪርብቶ ጫፍ ሊፍቀው ሲል እጁን ያዝኩት። የተጠመጠመ አይፋቅም፤ ጫፉ ተፈልጎ በመጣበት ተቃራኒ ይፈታል። በጥፍሬ ጫፉን አገኘሁና ዘንጉን በጣቴ ወደ ኋላ አዞርኩት፤ አንዱ ወጣ፣ ሁለተኛው ወጣ። ኳሷ ገባች፣ ክዳኑ ተዘጋ፣ ቀስቱ ሄደ። ጀማል የሌሎቹን ሦስት ማውሶች ሰብስቦ አመጣልኝ። የሁሉንም ሆድ ጠረግሁላቸው። ከአንደኛው የወጣው ፀጉር እንኳ የማን እንደሆነ ለይቼዋለሁ፤ ግን አልናገርም።

ከዚያ ነጠላዬን አራት አጥፌ አትጠገብ ጠረጴዛ ላይ አነጠፍኩ። ጥጥ እንዳይረግፍ ያረጀውን ጎን ወደ ላይ አደረግኩት፤ ካንድ ስህተት ሁለቴ አልማርም። «ነይ፣ ልጄ» አልኳት። «እንደያዝሽው አትያዢ፤ አታንቂው። መዳፍሽን አሳርፊበት፣ የተቀረውን እሱ ያውቀዋል። ፈትል የሚበጠሰው በጉልበት ሲይዙት ነው። ዓይንሽን ከእጅሽ ላይ አንሺ። እኔ ስፈትል እንዝርቱን አይቼው አውቃለሁ? ክሩን ነው የማየው። አንቺም ቀስቱን እዪ።» አየች። ቀስቱ ቀስ ብሎ ተጓዘ። መጎተቱንም ነገርኳት፤ ባዘቶ ስንስብ ጣታችን አይላላም፣ አይጠብቅም፣ እስኪያልቅ እኩል ይሄዳል። ካርታው መንገድ ላይ መውደቁን ተወ።

ሁለቴ ቶሎ ቶሎ መጫን የሚባል ደግሞ አለ፤ ደብዳቤ የሚከፈተው በሱ ነው። እዚያ ላይ በረዶዋ ተመለሰ፤ ድም፣ ድም። ጀማል ስንት ጊዜ ቢያሳያት እምቢ አላት። «ልጆችሽን ስታስተኚ ጀርባቸውን እንዴት ነበር የምትነኪያቸው?» አልኳት። ጣቷ ራሱ አስታወሰ፤ መታ መታ፣ ለስለስ አድርጋ። ደብዳቤው ተከፈተ።

የቀረው ያ ግራ እጅ ነው። ካርታ በደረሰ ቁጥር ሊገፋ ይነሣል። ምን ላድርገው? ያዝኩት። አጠገቧ ተቀምጬ ግራ እጇን በሁለት እጄ ይዤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆየን። አንድ ሦስት ጊዜ መዳፌ ውስጥ ተንደፋደፈ፤ ከዚያ እንደ ሕፃን እንቅልፍ ወሰደው። ስንወጣ ያቺ ቀልደኛ ጸሐፊ «እማማ፣ ነገ የእኔንም ይይዙልኛል?» አለችኝ። አሁን ሁላችንም ሳቅን፤ አትጠገብም ጭምር።

ሰኞ ወደ ፈተና መግባት አይፈቀድልኝም። ነጠላዬን አስይዤ ላክኋት፤ ግማሹ ለማውሱ ይነጠፋል፣ የጥለቱን ጫፍ በግራ እጇ ጨብጣ ትቀመጣለች። እኔ ቤት ሆኜ አንድ ባዘቶ መጨረስ አቃተኝ። ይህን ያህል ዘመን ስፈትል ክር የበጠስኩት ያን ቀን ነው፤ አራት ጊዜ። ይሁኔ በዕረፍት ሰዓቱ ሁለቴ እየሮጠ መጥቶ በሩን ከፍቶ አይቶኝ ተመለሰ።

ስድስት ሰዓት ላይ መጣች። ነጠላዬን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋዋለች። በር ላይ ቆማ «እማዬ፣ አንደኛ» አለችኝ። እኔም እልልታዬን አቀለጥኩት። ለካ ፈታኙ የጠረጴዛውን ነጠላ አይቶ ይኼ ምንድን ነው ብሎ ጠይቋል። ጀማልም በሁሉም ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ አንጥፎ ኖሮ፣ ከአንዲት ባለሙያ የተገኘ አሠራር ነው ብሎ መልሶለታል። ባለሙያ። ሰምታችኋል? ቀልደኛዋም አልፋለች፤ የወደቀ አልነበረም።

ቢቸና እስክደርስ አውቶቡሱ ውስጥ ያልሰማ ሰው የለም፤ ወያላው መጨረሻ ላይ ራሱ ለአዲስ ተሳፋሪ ይተርክልኝ ነበር። የሰፈር ሴቶች ሲሰበሰቡም አወራሁ። አንዷ ጎረቤቴ ልታዋርደኝ ፈልጋ «ለመሆኑ ኮምፒውተሩ ምን ይሠራል?» ብላ ጠየቀችኝ። «እሱን አላውቅም፤ እኔ የማውሱ ክፍል ነኝ» አልኳት።

እንግዲህ ልጄ ከባሏና ከልጆቿ ሳትለይ ሞጣ ቀረች ብዬ አምላኬን አመስግኜ ተቀመጥኩ። ወር ሳይሞላው አንድ ጠዋት አትጠገብ ሻንጣዋን ይዛ ደጄ ላይ ቆማለች። ደነገጥኩ። የቢቸናው መሥሪያ ቤትም ኮምፒውተር ገብቶለታል፤ ጸሐፊዎቹን የሚያሠለጥን ሰው ሲጠየቅ፣ ከሞጣ አንደኛ የወጣችው ለሦስት ወር ትሂድ ተብሎ ተወስኗል። ወድቃ እንዳትሄድ ስደክም፣ አልፋ እንድትሄድ አደረግኋት። አልዋሽም፣ ከፋኝ ብል ማንም አያምነኝም። ማታ ማታ ልጄ ከጎኔ ናት፤ ቀን ቀን ደግሞ ስታሠለጥን «ፈትል የሚበጠሰው በጉልበት ሲይዙት ነው» ትላቸዋለች አሉ።

የከፋው ይሁኔን ነው። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤት ሱቅ ስልክ ደውሎ አስጠራኝ። ጤናዬን ጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ አወራ፣ ከዚያ መምህር ነውና ነገሩን ቀስ አድርጎ አመጣው። «እማማ፣ ሽሮው ሦስተኛ ጊዜ አረረብኝ፤ ልጆቹ ዳቦ በሻይ ብቻ ነው ያሉት። እንዲያው ትንሽ ቀነስ አድርገው ቢያስተምሯት ምን ነበረበት? ሁለተኛ ብትወጣ እኮ ይበቃን ነበር» አለኝ። አንተ መምህር ሆነህ ተማሪህን ሁለተኛ እንድትወጣ አድርገህ ታስተምራለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። እሱም ነገሩን ትቶ፣ ሽሮ የሚጨመረው ውኃው ከፈላ በኋላ ነው ወይስ በፊት አለኝ።

አስተማርኩት፤ ራሱ በጠየቀው መሠረት ግን ቀነስ አድርጌ።